የማዕድ አብነት

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በብራና ላይ ብቻ ተጽፎ የሚቀር አይደለም። በድንጋይ ላይ ይቀረጻል፥ በዜማ ይወርዳል፥ በልብስ ጥለት ላይ ይታያል፤ ዕለት ዕለት የሚነበበው ግን በማዕድ ላይ የተጻፈው ነው። መጽሐፍ ከፍቶ የማያውቅ ሰው አይጠፋም፤ በሐውልት አጠገብ ቀና ብሎ ሳያይ የሚያልፍም ብዙ ነው፤ ሳይበላ የሚያድር ግን ወዶ አይደለም። እንግዲህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በፊታችን የሚዘረጋውን ይህን መጽሐፍ ማን እንደ ጻፈው፥ ፊደሉስ የየት አገር እንደ ሆነ ጠይቀን እናውቃለን ወይ? ለአንባቢዎቻችን የዛሬውን ጽሑፍ የምናቀርበው ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለማሳሰብ ነው።

እኛ የምንኖርበት የአዲስ አበባ ሰፈር አብነት ይባላል። በልደታ ክፍለ ከተማ፥ ከመርካቶ በስተደቡብ የሚገኝ ነው። አብነት ማለት ምሳሌ፥ የሚከተሉት መሪ ማለት እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ ንባቡንና ዜማውን ከመምህሩ አፍ የሚቀበልበት ትምህርት ቤት የአብነት ትምህርት ቤት መባሉም ስለዚህ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው መጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ ሰው ነው። የባልትናም ትምህርት ከዚህ አይለይም። ሰሌዳ የለውም፥ ሚዛንም የለውም። ልጅቱ በእናትዋ አጠገብ ቆማ ሽንኩርቱ መቼ እንደ በሰለ በዓይንዋ፥ በርበሬው መቼ እንደ ተቁላላ በአፍንጫዋ ትቀበለዋለች። መምህሯ ከሌለች ትምህርቱ አለ ማለት አይቻልም።

በቀድሞው ጊዜ በአብነትና በልደታ ዙሪያ የነበሩት ግቢዎች የዚህ ትምህርት ማዕከሎች ነበሩ። በአንድ የቆርቆሮ በር የሚገቡ ስድስት ሰባት ቤተ ሰቦች በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር፤ የመጡበትም አገር ልዩ ልዩ ነበር። እኛ ባደግንበት ግቢ ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ድልሃቸውን በማሰሮ አሽገው ያኖሩታል፥ ማሰሮው በተከፈተ ጊዜ ግን ሽታው ለሁሉም ቤት ይዳረሳል። ከጉራጌ አገር የመጡት ጎረቤታችን የመስቀል ዕለት ክትፎውን በኮባ ቅጠል አድርገው ከአይቤና ከጎመን ጋራ ያቀርባሉ፤ ቆጮውም ከአገር ቤት ተጭኖ የመጣ ነው። የወለጋዋ ባልቴት አንጮቴ የሚባለውን ሥር ቀቅለው፥ ልጠው፥ በቅቤ አሽተው ያበሉን ነበር። ከአጋሜ የመጡት ደግሞ የገብሱን ሊጥ በጣታቸው እያድበለበሉ ጥሕሎ ሲሠሩ፥ እኛ ልጆቹ ቀንጠብ ባለው እንጨት እየወጋን ከወጡ ውስጥ ማጥቀስን እንደ ጨዋታ እንቆጥረው ነበር።

በዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበረ፤ ይኸውም ቅምሻ የመጣበት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ሳህኑ ከጎንደሯ እናት ቤት ወጥቶ ወደ ጉራጌው ቤት ይገባል፤ ሲመለስ ሌላ ነገር ይዞ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት ልጆቹ ሳያውቁት የአገራቸውን መልክዐ ምድር በምላሳቸው ተማሩት። ማንም ሰው፥ «ይህ የእነ እገሌ ወጥ ነው» ሲል ንቀቱን መናገሩ አልነበረም፤ ባለቤቱን ማስታወሱ ነበር። ወጡ ስም ነበረው፥ ስሙም አገር ነበረው፥ አገሩም በዚያች በር ላይ በርጩማ ይዛ የምትቀመጥ አንዲት ሴት ነበረችው።

ዘመን ግን ተለወጠ። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ የልደታ አካባቢ በመልሶ ማልማት ብዙ አሮጌ ቤቶቹ ፈርሰው በቦታቸው ፎቆች ቆመዋል፤ የግቢ ጎረቤቶችም ከፊሉ ወደ ጀሞ፥ ከፊሉ ወደ የካ አባዶ፥ ሌላውም ወደ ሌላ ሄዱ። በዚህ ነገር ብዙ ሰው የተሻለ ቤት፥ የራሱ ውሃና የራሱ መጸዳጃ ማግኘቱን መካድ ግፍ ነው፤ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር የኖረ ሰው የአሮጌውን ቤት ናፍቆት በመጠኑ ሊናገር ይገባዋል። ሆኖም በአራተኛው ፎቅ ላይ በርበሬ የሚሰጣበት ቦታ የለም፤ በሙቀጫም ቢወቀጥ የታችኛው ቤት ሰው ይታወካል። ጎረቤት በደረጃ ሲተላለፍ ሰላምታ ይሰጣል እንጂ ሳህን አያቀባብልም። ያን ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ ይገናኙ የነበሩት ወጦች እንደ ባለቤቶቻቸው ተበተኑ። እንግዲህ ዛሬ የጎንደሩና የጉራጌው፥ የወለጋውና የትግራዩ ምግብ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙት የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፥ መልሱ፥ «በሆቴል ነው» የሚል ይሆናል። የሆቴሉ ማዕድ ከምግብ ገበያነት አልፎ የሕዝብ ጉዳይ የሆነብን ስለዚህ ነው።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር ወደ መጀመሪያው ሆቴላችን መመለስ ግድ ይሆናል። ከአብነት ተነሥቶ በተክለ ሃይማኖት አድርጎ ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሰው እቴጌ ጣይቱ ያሠሩትን ሆቴል ያገኛል። ቤቱ በ1898 ዓ.ም. እንደ ተሠራ ይነገራል፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ በሥርዓት ለእንግዳ ተከፈተ። በኢትዮጵያ በዘመናዊ ሥርዓት የመጀመሪያው ሆቴል ይኸው ነው። እቴጌይቱ በባልትና የታወቁ፥ ማዕድን የመንግሥት ሥራ ክፍል አድርገው የሚያዩ ሴት ነበሩ። ወገናቸው ከሰሜንና ከየጁ መኳንንት ነው፤ በ1875 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክን አግብተው ወደ ሸዋ ሲመጡ የሰሜኑን ቤት የማዕድ ሥርዓት ይዘው መጡ። አዲስ አበባንም በፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው የመሠረቱና ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው።

በ1880 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌይቱ ያደረጉት ግብር በዜና መዋዕል የተመዘገበ ነው። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ጄምስ ማካን በፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 ባሳተሙት የአፍሪካን አበሳሰል ታሪክ በሚመለከት መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ግብር አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥተውታል፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ማዕድ መልክ የያዘበት ትልቅ ጊዜ አድርገውም ተመልክተውታል። ነገሩን ስናስበው እውነትነቱ ጎልቶ ይታየናል። አንድ ድስት ዶሮ ወጥ እንኳ ብንወስድ በውስጡ የሚሰበሰበው አገር ብዙ ነው። በርበሬው የማረቆ ቢሆን ይወደዳል፤ ኮረሪማው ከደቡብ ምዕራብ ደን ይመጣል፤ ቅቤው የሸኖ ከሆነ ባለቤቲቱ ትኮራበታለች፤ የሚበላበት እንጀራ የአዳ ጤፍ ቢሆን ደግሞ ማዕዱ ሙሉ ነው ይባላል። ዶሮዋ በአሥራ ሁለት ብልት ትከፈላለች፤ ድስቱን የሞላው ግን የብዙ አውራጃ ሀብት ነው። ብሔራዊ የምንለው ማዕድ ከአንድ ቦታ የወጣ አይደለም፤ ብዙ ቦታዎች ስማቸውን ሳይጥሉ የተገናኙበት ነው።

የሆቴሉ መከፈት ግን ከግብሩ የተለየ አዲስ ነገር አመጣ፤ እሱም ክፍያ ነው። በቀድሞው ልማድ መንገደኛ፥ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ በር ይመታል፤ ቤተኛውም እግሩን አጥቦ፥ አብልቶ ያሳድረዋል። የበሰለ ምግብ ለእንግዳ በገንዘብ መሸጥ በብዙ ሰው ዘንድ ነውር ነበረ። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት እንደሚተርከው፥ ሆቴሉ በተከፈተ ጊዜ ሰው እንዳይሸሸው ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በሉ፤ ሒሳቡንም ከፈሉ። ንጉሥ ለወጥ ዋጋ ሲከፍል ያየ መኳንንት ከዚያ በኋላ በምን ያፍራል? በዚያን ቀን ማዕድ ከግብር ወደ ገበያ አንድ እርምጃ ተሻገረ። በግብር ላይ አብዪው ማን እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃል፤ በሆቴል ግን የሚታወቀው ከፋዩ ነው፥ ያበሰለችው ሴት ከግድግዳው በስተጀርባ ናት። ይህ ልዩነት ትንሽ መስሎ ይታያል፤ እኛ ግን የዛሬው ችግር ሁሉ ሥሩ እዚህ ላይ ያለ ይመስለናል።

ይህን ስንል ሆቴሉን ለመንቀፍ አይደለም፤ ውለታው ትልቅ ነውና። ለብዙ ዓመታት በዚያ ቤት ቀትር ላይ ይዘረጋ የነበረው የጾም ማዕድ በአገር ሰውም በውጭ እንግዳም ዘንድ ስሙ የገነነ ነበር። የጾም ምግብ በአንዳንድ ሰው አስተሳሰብ የእጦት ምግብ ነው፤ ሥጋና ቅቤ ሲጠፋ የሚበላ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፥ ፍልሰታና ነቢያት ሲጨመሩበት የኢትዮጵያ ሴት የባልትናዋን ጥበብ የፈተነችው በፍስኩ ቀን ሳይሆን በጾሙ ቀን መሆኑ ይገለጣል። ቅቤ በሌለበት ምግብን ማጣፈጥ ከባድ ነው። እልበቱ እስኪነጣ የተመታ፥ ስልጆው በሰናፍጭ የተቃኘ፥ አዚፋው የቀዘቀዘ፥ የሱፉ ወተት የተጠለለ፥ የሽምብራው ሊጥ በዓሣ አምሳል ተጠብሶ በወጥ የገባ እንደ ሆነ፥ ይህ ማዕድ ከየትኛው የዓለም ማዕድ ያንሳል? ከባሕር ማዶ የመጡ፥ ሥጋ የማይቀምሱ ሰዎች ይህን ማዕድ ፈልገው ደረጃውን ሲወጡ ባየን ጊዜ፥ እናቶቻችን በመታገሥ የፈጠሩትን ሌላው በመምረጥ ሲያከብረው ተመልክተን ደስ ብሎናል። የጾሙን ሳህን ከጓዳ አውጥቶ በሳሎን ማስቀመጥ ትልቅ ሥራ ነው።

ቤትም ቢሆን ዘለዓለማዊ አይደለም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በዚያ ሆቴል ላይ የደረሰው የእሳት አደጋ ጃዝ አምባ የሚባለውን የሙዚቃ አዳራሽ ጨምሮ የቤቱን ክፍል አቃጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በከተማው የኮሪደር ልማት ተነሥተዋል። የተቃጠለ ጣሪያ በአናጢ እጅ ይጠገናል። የጠፋ ጣዕም ግን በምን ይጠገናል? ግድግዳው ሲሰነጠቅ ሁሉ ያየዋል፤ ወጥ ሲሰነጠቅ የሚያየው የሚያውቀው ብቻ ነው፤ የሚያውቀውም ባለፈ ጊዜ ስንጥቁ ራሱ እንደ መልክ ይቆጠራል።

ይህን የሚያስረዳ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎጃም ለሕክምና የመጡ አክስታችንን፥ ስሙን ወደማንጠቅሰው ሌላ ሆቴል፥ በጾም ቀን ምሳ ጋበዝናቸው። ሆቴሉ ያማረ ነው፤ መሶቡ በሐር ክር የተዋበ፥ አስተናጋጇም ጥለት የለበሰች ናት። አክስታችን ሽሮውን አንድ ጊዜ ቀምሰው ጥቂት ዝም አሉና ልጅቱን ጠሯት።

«የኔ ልጅ፥ ይህ ሽሮ የየት አገር ነው?»

«የሆቴሉ ነው እማማ።»

«የሆቴሉስ መሆኑን አየሁ። ሆቴሉ ግን ሽምብራ አይዘራም። ሽምብራ ነው አተር? የማን እጅ ነው ያዘጋጀው?»

ልጅቱ በትሕትና ሳቀች፤ ወደ ማድቤትም ገብታ ጠይቃ ተመለሰች። «በከረጢት ነው የሚመጣው አሉ፥ እማማ» አለች። አክስታችን ምግብ አይነቀፍምና፥ «እሺ ልጄ፥ እደጊ» ብለው መርቀው ምሳቸውን ጨረሱ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን በታክሲው ውስጥ፥ «ያልተጣፈጠ ሆኖ አይደለም፤ ማን እንዳበላኝ ስላጣሁት ነው» አሉን። ይህ ቃል ከአእምሮአችን አልወጣም።

አክስታችን የጠየቁት ጥያቄ የሽማግሌ ወግ አይደለም፤ የሙያ ጥያቄ ነው። ሽሮ አንድ ስም ያለው ብዙ ምግብ ነው። የአተሩ ልስላሴ ሌላ፥ የሽምብራው ክብደት ሌላ፥ የባቄላው ሽታ ሌላ ነው። ሚጥኑ ከበርበሬና ከቅመሙ ሁሉ ጋር የተፈጨ ነው፤ ነጭ ሽሮ ደግሞ በርበሬ ሳይገባበት ለአልጫው ይቀመጣል። በሶብላው፥ ጥቁር አዝሙዱ፥ ኮረሪማው፥ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ የሚገቡበት መጠን ከአውራጃ አውራጃ፥ ከቤትም ቤት ይለያያል። ተጋቢኖው ወፍሮ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይቀርባል፤ ሌላው ቀጥኖ ለፍትፍት ይሆናል። ይህን ሁሉ ልዩነት «ሽሮ» በሚል አንድ ቃል በምግብ ዝርዝር ላይ ጽፎ ማለፍ፥ የአሥር ሰዎችን መልክ በአንድ ሥዕል እንደ መሳል ነው።

ይህ የሆነው በክፋት አይደለም። የሆቴል ማድቤት ለሦስት መቶ ሰው ምሳ በስድስት ሰዓት ማድረስ አለበት። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ያለ ዘይት በዝግታ ሲበስል ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፤ ሰዓቱ ከሌለ ቲማቲም ድልህ ይጨመርና ቀለሙ ይደርሳል፥ ጣዕሙ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። የቅቤና የበርበሬ ዋጋ በናረ ጊዜም ቀላቅሎ መግዛት ይቀላል። ሙያተኛይቱ ከጎንደር ብትመጣ የጎንደሩን፥ ከሲዳማ ብትመጣ ቡርሳሜውን እንድታበስል የሚጠይቃት የለም፤ የሚሰጣት የቤቱ ቀመር ነው። እሷም ለደመወዝዋ ስትል የእናትዋን እጅ ከበር ላይ አስቀምጣ ትገባለች። እንዲህ ሲሆን ሁሉም ወጥ ደግ ይሆናል፤ ሁሉም ግን አንድ ይሆናል።

አንድ ብልህ አንባቢ ይህን ሲያነብ፥ «ምግብ መቼ ሳይለወጥ ኖሮ ያውቃል?» ብሎ ሊከራከረን ይችላል። ክርክሩ ትክክለኛ ነው። የማዕዳችን ንጉሥ የሆነው በርበሬ ራሱ የትውልድ ቦታው አሜሪካ ነው፤ ኮሎምቦስ በ1492 በፈረንጅ አቆጣጠር ባሕሩን ከተሻገረ በኋላ በእስፓኝና በፖርቱጋል መርከቦች በዓለም ላይ ተበተነ። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እንደ ሆነ፥ ዘመኑም በፈረንጅ አቆጣጠር 1858 እንደ ነበረ ይነገራል። እንግዲህ አያቶቻችን እንግዳውን በርበሬ ተቀብለው ድልህ፥ አዋዜና ዳጣ አደረጉት፤ በየአገሩም ልዩ ልዩ ስምና ልዩ ልዩ ጣዕም ሰጡት። እነሱ መጤውን ባለአገር ሲያደርጉት፥ እኛ ባለአገሩን መጤ እንዳናደርገው ነው ሥጋታችን። መለወጥ ሌላ ነው፥ መርሳት ሌላ ነው። የሚለወጥ ምግብ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ያውቃል፤ የተረሳው ግን የሚመለስበት ቤት የለውም።

የእስፓኝን ስም ካነሣን ዘንድ ከእነሱ የምንማረው አንድ ነገር አለ። የእስፓኝ መንግሥት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1928 ጀምሮ ፓራዶር የሚባሉ ሆቴሎችን ከፍቷል፤ ቃሉ የመንገደኛ ማረፊያ እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው የተከፈተው በግሬዶስ ተራሮች ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ አሮጌ ግንቦች፥ ገዳማትና የመሳፍንት ቤቶች እየተጠገኑ ሆቴል ሆኑ። በሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ከተማ፥ በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ለተሳላሚዎች ማረፊያና ሕክምና ቤት እንዲሠራ ነገሥታቱ ያዘዙት ሕንፃ ከነዚህ አንዱ ነው። የእነዚህ ቤቶች ሥርዓት ሕንፃውን መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤት የቆመበትን አገር ምግብ በማዕዱ ላይ ያከብራል። በአስቱሪያስ ያለው ፋባዳ የሚባለውን የቦሎቄ ወጥ፥ በጋሊሺያ ያለው በቀይ በርበሬ ዱቄት የተነሰነሰውን የባሕር እንስሳ፥ በአንዳሉሲያ ያለው ጋስፓቾ የሚባለውን ቀዝቃዛ ሾርባ ያቀርባል። ያ በጋሊሺያ ሳህን ላይ የሚነሰነሰው በርበሬና በእኛ ድስት የሚቁላላው በርበሬ የአንድ ተክል ልጆች መሆናቸውን ስናስብ፥ የሰው ልጅ ማዕድ ምን ያህል የተዘማመደ እንደ ሆነ ይገባናል። እንግዳው በዚያ አገር ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ ግድግዳው ብቻ አይደለም የሚለወጥለት፤ ሳህኑም ይለወጥለታል።

በእኛም አገር ሆቴሎቻችን የጥንት ስም ወርሰዋል። በላሊበላ ሮሃ፥ በአክሱም የሃ፥ በጎንደር ጎሃ የሚባሉ ሆቴሎች አሉ። ስሙ ያማረ ነው፤ ማዕዱም ከስሙ ጋር እንዲተካከል እንመኛለን። ወደ አዲግራት የሄደ እንግዳ ጥሕሎን፥ ወደ ነቀምቴ የሄደ አንጮቴን፥ ወደ አርሲ የወረደ ጭኮን፥ ወደ ኮንሶ የዘለቀ በሽፈራው ቅጠል የሚበላውን ኩርኩፋ፥ ወደ ወልቂጤ የሄደ ክትፎውን በኮባ ላይ ቢያገኝ፥ መንገዱ ሁሉ ትምህርት ይሆንለታል። በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ጥብስ ብቻ ካገኘ ግን፥ አገር አየ እንጂ አገር አልቀመሰም።

የዋና ከተማው ሆቴል ኃላፊነት ከዚህ ይለያል። እሱ እንደ ልደታ አሮጌ ግቢ የብዙ አገር ሰዎች የሚገናኙበት ነው፤ ስለዚህ ከእሱ የሚጠበቀው የግቢውን ሕግ መውረስ ነው። በመጀመሪያ፥ በምግብ ዝርዝሩ ላይ የወጡን አገር ከስሙ ጋር ይጻፍ፤ «ሽሮ» ማለት ሲበቃው፥ «ከአተር የተዘጋጀ የጎጃም ሽሮ» ቢባል ቀለም እንጂ ገንዘብ አያስወጣም። ሁለተኛም፥ ሙያተኛይቱ የአገርዋን ምግብ በስምዋ የምታቀርብበት ቀን በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ይኑራት፤ የሠዓሊ ስም በሥዕሉ ግርጌ ሲጻፍ የባለሙያዋ ስም ከሳህኑ ጎን የማይጻፍበት ምክንያት አይታየንም። ሦስተኛም፥ ከየግቢው ተበትነው በየፎቁ የተቀመጡትን አረጋውያን እናቶች ሆቴሎችና የሙያ ማሠልጠኛዎች በክፍያ ጠርተው ያስተምሩባቸው። ለውጭ አገር ወጥ ቤት የቀን አበል ከተከፈለ፥ ስልሳ ዓመት ድልህ ላሸገች እናት መክፈል እንዴት ይከብዳል?

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር ማመን ይገባናል፤ እጅ ሁሉን ነገሩን ለወረቀት አይሰጥም። የበርበሬውን ልክ በግራም መጻፍ ይቻላል፤ እናትየው ድስቱን ስታማስል ድንገት ቆም ብላ «አሁን» የምትልበትን ቅጽበት ግን ማንም አይጽፈውም። ስለዚህ ጊዜው ጠባብ ነው። የአብነት መምህር ሳይተካ ከሞተ መጽሐፉ በመደርደሪያ ላይ እያለ ትምህርቱ ይዘጋል፤ የባልትናም መምህርት እንዲሁ ናት። በኛው ግቢ ከነበሩት አራት እናቶች ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ድልሁን የሚያሽግ ልጅ ከጎንደሯ እናት በኋላ አልተተካም።

አባቶቻችን፥ «ጨው ሆይ፥ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ብለዋል። ይህ ተረት ለሆቴሎች ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ከማዕዱ ፊት ለምንቀመጠው ለእኛም ነው። ሳይጠየቅ የሚመልስ ማድቤት የለም። አንባቢያችን ሆይ፥ በሚቀጥለው ጊዜ በየትኛውም ሆቴል ተቀምጠው ሳህኑ ሲቀርብልዎ፥ ከመቁረስዎ በፊት አስተናጋጁን በትሕትና፥ «ይህ የየት አገር ነው? የማንስ እጅ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ምናልባት መልስ አያገኙ ይሆናል። አስተናጋጁ ግን ወደ ማድቤት ገብቶ ይጠይቃል፤ በማድቤት ያለችውም ሴት፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠይቃ፥ የእናትዋን ስም ታስታውሳለች።